እጅ እየተንቀጠቀጠም ይጫወታል

ሐዋሳ ላይ ሙዚቀኛ መድረክ አያጣም። ጥር ሲገባ ሰርግ በሰርግ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ይሞላል። ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ቅዳሜና እሁድ ባንድ ያስገባሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ መዘምራን ወይም ኳየር አለው፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት አለ፣ የልደቱና የድርጅት በዓሉም አይቀርም። ሥራው አለ። የማይወራው ግን ማታ ሊጫወት ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን የሚቆርጠው ሙዚቀኛ ብዛት ነው። ልምምድ ቤት ውስጥ አንበሳ የሆነው ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ያለው ግጥም ደግሞ ድራሹ ይጠፋል።

ለዚህ ሰው የምንሰጠው ምክር ሁሌ ያው ነው። «አይዞህ፣ አትፍራ፣ ዘና በል።» በቅን ልብ ነው የሚባለው፣ ግን አይሠራም። ልቡን «ቀስ ብለህ ምታ» ብሎ ያዘዘ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንዲያውም «አልፈራም፣ አልፈራም» ሲሉ ሐሳቡ ሁሉ ፍርሃቱ ላይ ይሰበሰብና ይብሳል።

የሚፈራው ያልቻለ ነው የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። የቼሎው ሊቅ ፓብሎ ካሳልስ ስሙ በዓለም ከናኘ በኋላም መድረክ በወጣ ቁጥር ጭንቀት አይለቀውም ነበር። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ባርብራ ስትራይሳንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ግጥም ጠፋባት፤ ለብዙ ዓመታት ከኮንሰርት መድረክ እንድትሸሽ ያደረጋት ያ ነገር መሆኑን ራሷ ተናግራለች። እነዚህ ሰዎች ችሎታ አንሷቸው አይደለም።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ፍርሃቱን ለማጥፋት መታገሉን ተዉትና እየፈራችሁ መጫወትን ተለማመዱ። ዘፈኑን ሁላችንም እንለማመዳለን፤ መድረኩን የሚለማመድ ግን ብዙ የለም። ከዚህ በታች የምጽፈው እሱ እንዴት እንደሚደረግ ነው። ለክራር ተጫዋቹም፣ ለድምፃዊውም፣ ለኦርጋን ተጫዋቹም፣ ለዘማሪውም ይሆናል።

መጀመሪያ፣ የእናንተ ፍርሃት የት ቦታ እንደሚመታችሁ እወቁ

ስንፈራ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከሆድ ተነስቶ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። ደም ከቆዳና ከጣት ጫፍ ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ምራቅ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልባል። ጅብ እያባረረ ቢሆን ይሄ ሁሉ ይጠቅም ነበር፤ ማሲንቆ ለመገዝገዝ ግን አይመችም።

ደግነቱ ምልክቱ እንደያዛችሁት መሣሪያ ስለሚለያይ ቀድማችሁ ልታውቁትና ልትዘጋጁበት ትችላላችሁ።

ድምፃዊ ላይ ትንፋሽና ምራቅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ቤት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ረጅም ስንኝ መድረክ ላይ መሃሉ ይቆረጣል። እና ምን ታደርጋላችሁ? ግጥሙን በወረቀት ጻፉና ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቤት ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አብዙት፣ ከዚያም ቤት ውስጥ ስትለማመዱም በዚያው ምልክት ተንፍሱ። ከፍተኛው ድምፅ የአቅማችሁ ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አስደርጉት። ኦርጋኑ ላይ ትራንስፖዝ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ይሄን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ድምፃውያን አሉ፤ አድማጩ ግን ኪው (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) ምን እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያውቀው ድምፃችሁ መሰንጠቁን ነው።

ማሲንቆ ላይ ችግሩ ቀስቱን የያዘው እጅ ነው። መንቀጥቀጡ የሚሰማው ግን ረጅም ድምፅ ስታወጡ ብቻ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲገዘገዝ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ በቀጭን፣ በረጅም ድምፅ የሚጀምር መግቢያ ይዛችሁ አትውጡ። ቀስቱ የሚሮጥበት ነገር አስቀድሙና ረጅሙን እጃችሁ ከረጋ በኋላ አምጡት። ዋሽንት ላይ ከንፈር ይደርቃል፤ ውሃ ከአጠገባችሁ ይኑር፣ ከመውጣታችሁ በፊትም ከንፈራችሁን አርጥቡ። ክራርና ጊታር ላይ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ያልባልም፤ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ፎጣ ያዙ፣ እጃችሁን ደግሞ ብብታችሁ ሥር አድርጋችሁ አሙቁት።

ድራምና ኦርጋን ላይ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ፍጥነት። አድሬናሊን ሲኖር ውስጣችን ያለው ሰዓት ስለሚሮጥ «ልክ ነው» ብላችሁ የጀመራችሁት ፍጥነት ልክ አይደለም። ችክችካ ደግሞ በባህሪው ፈጣን ነው፤ እሱ ላይ ሌላ ፍጥነት ሲጨመር ድምፃዊው ቃሉን መትፋት ይጀምራል፣ እስክስታ የወረደውም ሰው ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ይቀመጣል። መላው ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የዘፈኑን በጣም የተጨናነቀ ስንኝ፣ ቃል የሚበዛበትን፣ በሐሳባችሁ ዝፈኑት። በምቾት የሚዘፈንበት ፍጥነት እሱ ነው፣ በዚያው ቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ ድምፁ ጠፍቶ መብራት ብቻ የሚያበራ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ማስቀመጥም ይቻላል። አንዳንድ ድራመር ይሄን ነውር ያደርገዋል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። አድሬናሊን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በየሰከንዱ አዲስ ስጋት ካልጨመራችሁበት በደቂቃዎች ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ከባዱ መጀመሪያው ነው ማለት ነው። እንግዲህ ዝርዝሩን ስታወጡ አስቡበት፦ የመጀመሪያው ዘፈን ከሁሉም የሚቀላችሁ፣ ተኝታችሁም የምትጫወቱት ይሁን። በምርጡና በከባዱ «ልጀምርና ላስደንግጥ» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ተጫዋቹን ነው።

መድረኩን መለማመድ

ቤት ስንለማመድ ስንሳሳት እናቆማለን፣ እንመለሳለን፣ ያቺን ቦታ እንደግማለን። ይሄ ለማረም ጥሩ ነው። ችግሩ ለወራት እንዲህ ስታደርጉ ሳታውቁት አንድ ሌላ ነገር ተለማምዳችኋል፤ ስትሳሳቱ ማቆምን። መድረክ ላይ እጃችሁ ቀጥ የሚለው እናንተ ስለፈለጋችሁ አይደለም፣ ለምዶት ነው።

ስለዚህ ቀኑ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ልምምዱን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው የማረሚያ ነው፣ እንደበፊቱ። ሁለተኛው የማቅረቢያ ነው፤ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ተመልሳችሁ ግቡ፣ ሰላም በሉ፣ ጀምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ምንም ቢፈጠር አይቆምም፣ አይደገምም። በዚያ ቀን ሌላ ዕድል የለም። ቀይዋ ነጥብ ስትበራ ብቻችሁን ሆናችሁም ልባችሁ ሲመታ ትሰሙታላችሁ። የምንፈልገውም እሱን ነው።

ከስልኩ ቀጥሎ ሰው። እዚህ ላይ የሰፈር ቡናን የሚያህል መድረክ የለም። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ «እስቲ አንድ ነገር ልጫወትላችሁ» ማለት ከባድ ነው፣ በጣም ከባድ ነው፣ ከአዳራሽም ሊከብድ ይችላል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ያውቋችኋል፣ ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳም «ድሮ የተሻለ ትዘፍኚ ነበር» የምትል እትዬ አትጠፋም። እሱን ከቻላችሁ ብዙ ነገር ትችላላችሁ። ከቡናው ወደ ጓደኞች፣ ከጓደኞች ክፍያ ወደሌለበት ትንሽ ፕሮግራም፣ እንዲህ እያላችሁ ውጡ። ዋናው ነገር በመጀመሪያ ልምምድና በትልቁ ቀን መካከል ባዶ ሜዳ አለመተዉ ነው።

ሰውነትንም ማታለል ይቻላል። ገመድ ዝለሉ ወይም ደረጃ ሮጣችሁ ውጡ፣ ልባችሁ ድው ድው እያለ ሳለ መሣሪያውን አንሱና ወዲያው ጀምሩ። ጠዋት ጠዋት ለስፖርት ታቦር ተራራ የምትወጡ ድምፃውያን ዕድለኞች ናችሁ፤ ጫፉ ላይ እንደደረሳችሁ ሳታርፉ የመጀመሪያውን ስንኝ ዝፈኑት። የሚያይ ሰው ቢስቅ ይሳቅ፣ እሱም ልምምድ ነው። ክራር ወይም ጊታር የምትጫወቱ ደግሞ እጃችሁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡና ሞክሩ። በደነዘዘ ጣት ምን ያህል እንደምትችሉ ቀድማችሁ ካወቃችሁ በዕለቱ ጣታችሁ ሲደነዝዝ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።

ሰርግ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ስለ ሽልማት ልንገራችሁ። ዘፈኑ መሃል ላይ፣ ልክ አስቸጋሪው ስንኝ ሲመጣ፣ የሙሽራው አጎት ብር ዘርግቶ ይመጣል። አንዷን ግንባር ላይ ይለጥፋል። ላብ ስላለ ትይዛለች። ሁለተኛዋን ሲለጥፍ የመጀመሪያዋ ተንሸራታ ቅንድብ ላይ ትወርዳለች፣ አንድ ዓይን ይሸፈናል። አጎትየው አንገት አቅፎ ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ይጮሃል፣ ማይኩ ከአፍ ይሸሻል፣ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ሦስት ዘመዶች ብራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እዚህ ቦታ ላይ ግጥም የሚጠፋባቸው ድምፃውያን ከኦርጋኑ ኋላ ሆኜ በየወቅቱ አያለሁ። መፍትሔው ያስቃል ግን ይሠራል። ወንድማችሁን ወይም ጓደኛችሁን ጥሩና ስትዘፍኑ ግንባራችሁ ላይ እርጥብ ወረቀት ይለጥፍባችሁ፣ አንገታችሁን ይያዝ፣ ጆሮአችሁ ላይ ይጩህ። እናንተ አታቁሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደረግ ሳቁ ያልቃል፣ ግጥሙ ግን ይቀራል።

ግጥም ካልኩ አይቀር፣ ስለ መርሳት። አብዛኛው ሰው ዘፈኑን የያዘው በአፉና በጣቱ ነው፤ አንዱ ቃል ቀጣዩን እየጎተተ ይመጣል። ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚበጠሰው ይሄ ገመድ ነው። ለመፈተን መሣሪያችሁን አስቀምጡና ከሦስተኛው ስንኝ ጀምራችሁ ግጥሙን በንግግር በሉት። ካልቻላችሁ አልያዛችሁትም ማለት ነው። የየስንኙን የመጀመሪያ ቃል ብቻ በቅደም ተከተል ለብቻው አጥኑ፤ ሲጠፋባችሁ መልሳችሁ የምትገቡበት በር እሱ ነው። በመሣሪያ ብቻ የምትጫወቱም ዘፈኑን ቢያንስ አራት አምስት ቦታ ላይ ከፋፍሉና ከእያንዳንዱ ቦታ መጀመርን ተለማመዱ።

እዚህ ላይ የኛ ቅኝት ትልቅ ባለውለታ ነው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ የያዛችሁት አምስት ድምፅ ነው። መንገድ ከጠፋችሁ ከአምስቱ አትውጡ፣ ምቱን ጠብቁ፣ ቅኝቱ ወደሚያርፍበት ድምፅ እየተመለሳችሁ ተንሸራሸሩ፣ እስክታስታውሱ ድረስ። አድማጩ ጌጥ የጨመራችሁ ነው የሚመስለው። ግን ይሄም ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ ሆን ብላችሁ ዜማውን መሃሉ ላይ ጣሉትና በቅኝቱ ውስጥ ዞራችሁ ተመለሱ።

ያለ መሣሪያ መለማመድ

እ.ኤ.አ. በ1995 አልቫሮ ፓስኳል ሊዮን የሚባል የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ፒያኖ ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን ሰበሰቡና ቀላል የአምስት ጣት ልምምድ ሰጧቸው፤ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ5 ቀን። አንዳንዶቹ በእጃቸው ተለማመዱ። ሌሎቹ ፒያኖው ፊት ተቀምጠው ጣት ሳያነሱ በሐሳባቸው ብቻ። በመጨረሻ ጣትን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ሲለካ በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ሁኔታ ተለውጦ ተገኘ። በእጃቸው የሠሩት የተሻለ ተጫወቱ፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ግን በሐሳብ ብቻ የሠሩት አንድ የ2 ሰዓት እውነተኛ ልምምድ ሲጨመርላቸው ደረሱባቸው።

ይሄ ማለት ከመናኸሪያ አቶቴ በባጃጅ ስትሄዱ ያለችው ጊዜም ልምምድ ናት ማለት ነው። በሐሳብ ስትጫወቱ ግን ከእውነተኛው ፍጥነት አትቸኩሉ። ጣታችሁ የት እንዳለ፣ ክሩ ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ ትንፋሹ የት እንደሚገባ ሁሉ ይኑርበት። ከዘፈኑ በፊት ያለውንም አትዝለሉት፤ ስማችሁ ሲጠራ፣ ስትራመዱ፣ የማይክ ማቆሚያው አጥሮ ስታገኙት፣ ስታስተካክሉት። ብዙ ሰው «በሐሳብህ ተመልከት» ሲባል ጭብጨባውን ብቻ ነው የሚያየው። ጭብጨባ ልምምድ አይፈልግም። እናንተ ስህተቱን እዩት፤ አንድ ቦታ ስትስቱ፣ ሆዳችሁ ባር ባር ሲል፣ ከዚያም ምት ሳይሰበር ስትቀጥሉ።

ዕለቱ

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ከመድረክ በፊት አሞራ ገደል ወርዶ ጥብስ አሳ በዳጣ መብላት ደስ ይላል፣ ግን ዳጣውን ለነገ አቆዩት፤ የሚያቃጥል ነገር ወደ ጉሮሮ ተመልሶ ድምፅ ያበላሻል። ጾም ከሆነና እስከ 9 ሰዓት ምንም የማትቀምሱ ከሆነ ረሃብ የሚያመጣው መንቀጥቀጥና የፍርሃቱ መንቀጥቀጥ አንድ ዓይነት ስሜት ስላለው ራሳችሁን ታደናግራላችሁ፤ ከጾሙ መልስ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳችሁ ውጡ። ቡና ልማዳችሁ ከሆነ አንድ ሲኒ ጠጡ፣ ሦስተኛው ድረስ ግን አትቀመጡ። ካፌይን ከጠጣችሁት 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው።

አሁን የማይወራው። «ሁለት ሁለት ብለን እንውጣ» የሚባለው ነገር። መጠጥ ፍርሃቱን ያደነዝዛል፣ እውነት ነው፤ አብሮ ግን ጆሮን ያደነዝዛል፣ ምትንም ያላላል። ቅኝት ሲወርድ ሁሉም ሰምቶ እናንተ ብቻ የማትሰሙበት ሁኔታ ይፈጠራል። ጫት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን ራሱ ልብ የሚያፈጥንና አፍ የሚያደርቅ ስለሆነ አድሬናሊን ላይ ሌላ መጨመር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ልምዱ ነው። አንድ ጊዜ ጠጥታችሁ ጥሩ ከተጫወታችሁ ሳትጠጡ መውጣት ሁለት እጥፍ ያስፈራል።

ቦታውን ሰው ሳይሞላ ሂዱና እዩት። መድረኩ ላይ ቁሙ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ፣ አጨብጭቡና ድምፁ እንዴት እንደሚመለስ ስሙ። ሳውንድ ቼክ ላይ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ብቻ ብላችሁ አትውረዱ፤ ከከባዱ ቦታ ጥቂት ዝፈኑ። ሞኒተሩ (ወደ እናንተ የዞረው ስፒከር) ላይ የምትፈልጉት ነገር ካለ ያኔ ተናገሩ፤ ባለሙያው ቢቆጣም ይቆጣ። ዝግጅቱ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ከሆነ ከሰዓት ነፋስ ሊነሳ ይችላል፤ ማይክ ላይ ስፖንጅ አስደርጉ፣ ግጥም የያዘ ወረቀት ካለ በልብስ መቆንጠጫ እሰሩት። መብራት ቢጠፋስ? ከባንዱ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ከበሮ ወይም ድራም ይቀጥላል፣ እናንተ እጃችሁን አንስታችሁ ሕዝቡን ታስጨበጭባላችሁ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ። የታሰበበት ነገር ሲፈጠር ድንጋጤው ግማሽ ነው።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች

ከመድረክ ጀርባ ቆማችሁ ከእናንተ በፊት ያለው ሰው እየጨረሰ ነው። እዚህ ላይ አዲስ ነገር አትሞክሩ፣ ዘፈኑንም ከዳር እስከ ዳር አትከልሱት።

ትንፋሽ ይቅደም። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። መውጫው ከመግቢያው ሲረዝም ልብ መዘግየት ይጀምራል። ሆዳችሁ ላይ እጅ አድርጉ፤ መነሳት ያለበት ሆድ እንጂ ትከሻ አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። መንጋጋችሁን አላሉት፣ ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ጉልበታችሁ ተቆልፎ እንዳይሆን እጠፍ ዘርጋ አድርጉ።

ቀጥሎ ለራሳችሁ የምትናገሩት ነገር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ ባወጣችው ጥናት ሰዎች ካራኦኬ ሊዘፍኑ ሲሉ አንዳንዶቹ «ተጨንቄያለሁ»፣ ሌሎቹ «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ተደረገ፤ ጓጉቻለሁ ያሉት የተሻለ ዘፈኑ። ምክንያቱ ብዙ አይከብድም። በጉጉትም በፍርሃትም ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነቱ አንድ ነው፤ ከዚያ ሁኔታ ወደ መረጋጋት መውረድ ሩቅ መንገድ ሲሆን ወደ ጉጉት መዞር ግን ቅርብ ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ «እንዴት ነሽ?» ሲላችሁ «ሞቻለሁ» አትበሉ። «ልቤ ተነስቷል፣ ልጫወት ነው» በሉ። ውሸት ቢመስላችሁም በሉት።

ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ ፍጥነት በሐሳባችሁ አስጀምሩና እሱን ይዛችሁ ውጡ።

ከወጣችሁ በኋላ

ለመጀመር አትቸኩሉ። ማይኩን አስተካክሉ፣ ቅኝታችሁን ስሙ፣ አንድ ሙሉ ትንፋሽ አውጡ። ለእናንተ አንድ ዓመት የሚመስለው ዝምታ ለሕዝቡ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ዓይናችሁን የት ታሳርፋላችሁ? ዳኛ ካለ ዳኛው ላይ አይሁን። ከወረቀቱ ላይ ቀና ያላለው ሁሉ የጠላችሁ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላ ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻው ረድፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ግድግዳ፣ ወይም ከፊት ከሚወዛወዙት አንዱን ምረጡ።

ጆሮአችሁን ደግሞ ከራሳችሁ አውጡት። ይሄ ለኔ ከሁሉም የበለጠው ነው። ስንጨነቅ የለመድነውን ነገር እንደገና መቆጣጠር እንጀምራለን፤ ይሄ ጣት እዚህ፣ ያ ጣት እዚያ። እጅ ለብቻው ሲሠራ የነበረውን ነገር አእምሮ ጣልቃ ገብቶ በየእርምጃው ሲያዝ ይደናቀፋል። ስለዚህ ጣታችሁን ተዉትና ቤዙን ስሙ። ድራሙን ስሙ። ኳየር ውስጥ ከሆናችሁ ከጎናችሁ ያለውን ድምፅ ስሙና እሱ ላይ ተቀመጡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የግጥሙን ታሪክ ለአንድ ሰው እየነገራችሁ ነው ብላችሁ አስቡ።

ስትሳሳቱ ፊታችሁን ተቆጣጠሩ። ግማሹ ሕዝብ ስህተቱን የሚያውቀው ከድምፃችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ ነው። ምላስ አታውጡ፣ ራስ አትነቅንቁ፣ ወደ ኦርጋኑ ዞራችሁ አታፍጥጡ (በነገራችን ላይ ይሄን እጠላለሁ)። ያለፈውን ስንኝ ልታስተካክሉት አትችሉም፤ የሚመጣውን ግን ልታበላሹት ትችላላችሁ።

ስለ ክኒኑ

ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብና የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ አድሬናሊን ልብና ጡንቻ ላይ የሚያደርሰውን ስለሚገድብ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት ይቀንሳል። ሙዚቀኞች ይወስዱታል፣ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ተጠይቀው 27 በመቶው የዚህን ዓይነት መድኃኒት ወስደን እናውቃለን ብለዋል። ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ለሚልና የልብ ምቱ ቀርፋፋ ለሆነም እንዲሁ። «እገሌ ሰጠኝ» ብላችሁ መድረክ ሊወጡ ሲሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ ሐኪም አይቶ የሚያዘው ነው። ጭንቀቱ ከመድረክ አልፎ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራ የሚያስቀር ከሆነም ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የአእምሮ ሕክምና የእብድ ብቻ ነው የሚለውን የሰፈር ወሬ ተዉት።

ሲያልቅ

ከወረዳችሁ በኋላ ድካምና መከፋት ሊመጣ ይችላል፣ ጥሩ ተጫውታችሁም ቢሆን። ሰውነት ያን ሁሉ ጉልበት አውጥቶ ሲወርድ እንዲህ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን በዚያው ሌሊት አትዩት፣ ቲክቶክ ላይ የተጻፈውንም አታንብቡ። በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩና ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የት ቦታ ነው ሰውነቴ የከዳኝ፣ ምን አደረግሁ፣ የትኛው ሠራ። ይሄ ወረቀት ለቀጣዩ ልምምድ መነሻ ነው።

ለአጃቢዎችም አንድ ነገር አለኝ። ከፊታችሁ ያለው ድምፃዊ ሲደነግጥ ከኋላ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትከሻው ይወጣል፣ ማይኩን በሁለት እጁ ያንቃል። ያኔ አትሳቁ፣ እርስ በርስም አትጠቃቀሱ። መግቢያው ላይ ካልገባ ምንም እንዳልተፈጠረ አራት የምት ቤት (ባር) ጨምራችሁ ዙሩት። ኪው ከጠፋው ኦርጋኑ የመነሻውን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይስጠው። ግጥም ከጠፋው አዝማቹን ተቀበሉት፣ ሕዝቡም አብሮ ይቀበላል፣ እሱ ያን ጊዜ ተንፍሶ ያስታውሰዋል። ይሄን ሁሉ ልምምድ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት፤ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ። ድራመሩ ብቻ ቢያውቀው አይበቃም፣ ቤዙም ማወቅ አለበት።